በቤት ለተሠራ የፀሐይ ውኃ ማሞቂያ ፓምፑ በራሱ እንዲሠራ ማድረግ
ለአምቦና ለምዕራብ ሸዋ ወረዳዎች ሞዴል አርሶ አደሮች የተዘጋጀ የሥልጠና ጽሑፍ



ባለፈው ዙር ሥልጠና ከእንጨት ሳጥን፣ ጥቁር ከተቀባ ላሜራ፣ ከቧንቧና ከመስታወት የፀሐይ ውኃ ማሞቂያ እንዴት እንደሚሠራ አብረን አይተናል። ከዚያ ወዲህ በየቀበሌው ስዞር ደጋግሜ የሰማሁት ጥያቄ አንድ ነው፦ «ሳጥኑ ይሞቃል፤ በርሜሉ ግን አይሞቅም። ፓምፕ ብንገጥምስ ማን ቆሞ ያበራል፣ ማን ያጠፋል?» ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው ለዚህ ጥያቄ ነው።

ጉዳዩ የቅንጦት አይደለም። ከጊንጪ እስከ ጉደር ባለው መንገድ ዳር ወተት የምታስረክቡ ሁሉ፣ ጠዋት በአልኮል ምርመራ ወተት ሲመለስ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የላሟ ሳይሆን የዕቃው ነው። የወተት ቅባት በቀዝቃዛ ውኃ አይለቅም፤ በስፌቱና በክዳኑ ጠርዝ ላይ ቀርቶ የማታውን ወተት ያኮመጥጣል። ትክክለኛው አጠባበቅ መጀመሪያ ለብ ባለ ውኃ ማለቅለቅ፣ ቀጥሎ 55 ዲግሪና ከዚያ በላይ በሆነ ውኃና በሳሙና በብሩሽ መፈተግ፣ በመጨረሻም በንጹሕ ውኃ አለቅልቆ ደፍቶ ማድረቅ ነው። ገና ከጅምሩ በጣም የፈላ ውኃ ከፈሰሰበት የቀረው ወተት ዕቃው ላይ ይጋገራል። በወይራ ማጠን መልካም ልማዳችን ነው፤ ቅባቱ ሳይለቅ የታጠነ ዕቃ ግን ሽታው ያማረ ቆሻሻ ነው።

አሁን ወደ ማገዶው እንምጣ። 100 ሊትር ውኃ ከ18 ዲግሪ ወደ 55 ዲግሪ ለማድረስ 4.3 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ሙቀት ይጠይቃል። ይህን በሦስት ጉልቻ ለማግኘት ከ7 እስከ 10 ኪሎ ደረቅ እንጨት ይነዳል፤ ምክንያቱም ከእንጨቱ ሙቀት አብዛኛው ከድስቱ ሥር አምልጦ ይሄዳል። ያን እንጨት በየቀኑ የሚሸከመው ማን እንደሆነ ለእናንተ መንገር አያስፈልግም። በእኛ አካባቢ በጠራ የበጋ ቀን 2 ሜትር ካሬ የሆነ፣ በቤት የተሠራ ሳጥን ይህንኑ ሙቀት ከፀሐይ ሊሰበስብ ይችላል። የሰበሰበው ሙቀት በርሜሉ ውስጥ ገብቶ እስከ ማታ እለባ ድረስ ካልቆየ ግን ሳጥኑ ሞቆ መቆየቱ ብቻ ምንም አይጠቅምም።

ለመሆኑ ፓምፕ ያስፈልጋችኋል?

ፓምፕ ከመግዛታችሁ በፊት በርሜሉን ከሳጥኑ በላይ ማስቀመጥ ትችሉ እንደሆነ ግቢያችሁን ዞር ብላችሁ ተመልከቱ። የሞቀ ውኃ ቀላል ስለሆነ ወደ ላይ ይወጣል፣ ቀዝቃዛው ይወርዳል። የበርሜሉ ታች ከሳጥኑ ራስ ቢያንስ ከ30 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ከፍ ካለና ቧንቧዎቹ ያለ ጉብታ ከሄዱ፣ ፀሐይ እስካለች ውኃው ያለ መብራት ራሱን ያዞራል። ፀሐይ ስትጠልቅም ራሱ ይቆማል። ዊልያም ቤይሊ የተባለ አሜሪካዊ በ1909 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ ሳጥኑንና ጋኑን ለይቶ፣ ጋኑን በሚገባ ሸፍኖ ከላይ በማስቀመጥ የሸጠው ማሞቂያ በዚሁ መንገድ የሚሠራ ነበር። ውኃው ሌሊትም ሙቀቱን ስለሚይዝ ስሙን «ቀንና ሌሊት» አለው።

ቤታችሁ ተዳፋት ላይ ከሆነ ዕድለኞች ናችሁ፤ ሳጥኑን ከግቢው በታች፣ በርሜሉን ከላይ አድርጉ፤ የፓምፕ ወጪም ይቀርላችኋል። እኔ ማንንም ሰው መጀመሪያ የምመክረው ይህንን ነው።

ችግሩ የሚመጣው በሜዳማ ግቢ ነው። ሳጥኑ መሬት ላይ ከተቀመጠ ጥላ ያገኘዋል፣ ጥጃ ይረግጠዋል። ስለዚህ ቆርቆሮው ጣሪያ ላይ ይወጣል። በርሜሉን ደግሞ ከሳጥኑ በላይ ማውጣት አይቻልም፤ 200 ሊትር ውኃ 200 ኪሎ ይመዝናል፤ የጭቃ ቤት ጣሪያ ይህን አይሸከምም። እንግዲህ ሳጥኑ ላይ፣ በርሜሉ ታች ሆነ ማለት ነው። የሞቀው ውኃ በራሱ ወደ ታች አይወርድም። ፓምፕ የግድ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው።

ሰዓት አያዋጣም

ከጥቂት ዓመታት በፊት ጉደር አካባቢ አንዲት ወተት አምራች እናት ይህንኑ ጠይቀውኝ፣ በሰዓት የሚሠራ ማብሪያ እንዲገዙ መከርኳቸው። ጠዋት 3 ሰዓት ፓምፑ ይነሣል፣ ቀን 10 ሰዓት ይቆማል። በኅዳርና በታኅሣሥ ጥሩ ሠራ። በመጋቢት አንድ ቀን ሰማዩ ሲደመን ዋለ፤ ፓምፑ ግን ሰዓቱን ብቻ ስለሚያውቅ ትናንት የሞቀውን ውኃ ቀኑን ሙሉ ወደ ቀዝቃዛው ሳጥን ሲያመላልስ ዋለ። ማታ ስደርስ በርሜሉ ለብ ያለ ብቻ ነበር። «ልጄ፣ ማሽንህ ትናንት ያሞቀውን ዛሬ አቀዘቀዘው» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር፤ ስሕተቱ የእኔ ነው።

ፓምፑ ማወቅ ያለበት ሰዓቱን አይደለም፤ የፀሐይዋን መውጣትና መግባት ማወቁም ብቻውን አይበቃም። ማወቅ ያለበት ሳጥኑ አሁን ከበርሜሉ ይበልጥ ይሞቃል ወይስ አይሞቅም የሚለውን ነው። ከበለጠ ይዙር፤ ካልበለጠ ይቁም። ከዚህ በታች የማቀርበው ሁሉ ይህን በምን ያህል ወጪ፣ በምን ያህል ትክክለኛነት ማግኘት እንደሚቻል ነው።

ርካሹ መንገድ፦ ፓኔልና ፓምፕ በቀጥታ

በ12 ቮልት ዲሲ የሚሠራ፣ ከ10 እስከ 15 ዋት የሆነ ትንሽ ፓምፕ ከ20 እስከ 30 ዋት ካለው ሶላር ፓኔል ጋር በቀጥታ ይገናኛል። ባትሪ የለም፣ ኮንትሮለር የለም። ፀሐይ ስትበረታ ፓምፑ ይበረታል፤ ደመና ሲመጣ ይደክማል፤ ሲመሽ ይቆማል። መብራት ጠፋ አልጠፋ ግድ የለውም። ጉደር ላሉት እናትም በመጨረሻ የገጠምነው ይህንኑ ነው።

ፓኔሉ ሳጥኑ ወደሚያይበት አቅጣጫና በዚያው ዘንበልታ ይቀመጥ፤ ሁለቱ ፀሐይን እኩል ማየት አለባቸው። እኛ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ አካባቢ ስለሆንን፣ ሙቀቱን አብዝተን በምንፈልግበት በበጋ ፀሐይዋ በደቡብ በኩል ታዘነብላለች። ስለዚህ ፊታቸው ወደ ደቡብ፣ ዘንበልታቸው ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ይሁን።

ይህ መንገድ አንድ ድክመት አለው። ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ በርሜሉ 55 ዲግሪ ደርሶ ሳለ ደካማ ፀሐይ ፓምፑን ማዞር ትችላለች፤ በዚያን ጊዜ ሳጥኑ ከበርሜሉ ቀዝቅዞ ሊሆን ይችላል። ጉዳቱ ጥቂት ዲግሪ ነው። እስከ 100 ሊትር ለሚያሞቅ፣ ሦስት አራት ላም ላለው ሰው ይህ ይበቃል እላለሁ፤ ከዚህ በላይ ማውጣት አያስፈልገውም።

ባለ ሁለት ሴንሰር ኮንትሮለር

200 ሊትርና ከዚያ በላይ ለምታሞቁ፣ ወይም ውኃው ለጠዋት እለባም ሙቀቱን ይዞ እንዲያድር ለምትፈልጉ፣ ሁለት ሴንሰር ያለው የሙቀት ልዩነት መቆጣጠሪያ ይሻላል። አንዱ ሴንሰር የሳጥኑን፣ ሌላው የበርሜሉን ሙቀት ያነባል። ኮንትሮለሩ ሁለቱን ይቀንሳል፤ ልዩነቱ የተሞላለት ቁጥር ሲደርስ ሬሌዩን ዘግቶ ፓምፑን ያስነሣል።

ሁለት ቁጥር ትሞላላችሁ። ማስነሻው 8 ዲግሪ፣ ማቆሚያው 3 ዲግሪ ይሁን። በርሜሉ 40 ዲግሪ ቢሆን ሳጥኑ 48 ሲደርስ ፓምፑ ይነሣል፤ ሳጥኑ ከበርሜሉ በ3 ዲግሪ ብቻ ሲበልጥ ይቆማል። ሁለቱን ቁጥሮች አታቀራርቡ። ፓምፑ ሲነሣ ቀዝቃዛ ውኃ ወደ ሳጥኑ ስለሚገባ የሳጥኑ ሙቀት ወዲያው ይወርዳል። ማስነሻውና ማቆሚያው ከተቀራረቡ ፓምፑ በየደቂቃው ሲነሣና ሲቆም ይውላል፤ ሬሌዩም ቶሎ ይቃጠላል። ማስነሻውን ከመጠን በላይ ማስፋትም ሳጥኑን በከንቱ ማጋል ነው።

የሳጥኑ ሴንሰር ቦታው የሞቀው ውኃ በሚወጣበት በላይኛው ጫፍ ነው። ከላሜራው ወይም ከብረት ቧንቧው ጋር ተጣብቆ ይታሰር፤ አየር ላይ ከተንጠለጠለ የሚለካው አየሩን ነው። የበርሜሉ ሴንሰር ደግሞ ከታች፣ ከበርሜሉ ቁመት በታችኛው ሲሶ ላይ ይሁን፤ ወደ ሳጥኑ የሚሄደው ውኃ ከዚያ ነው። ላይ ካደረጋችሁት በርሜሉ ሁሉ የሞቀ ይመስለውና ፓምፑ ሳይነሣ ይውላል፤ ከታች ግን ቀዝቃዛ ውኃ ተኝቷል።

ጣሪያ ላይ ከመውጣታችሁ በፊት ይህን ፈትሹ። በአንድ ባልዲ ሙቅ፣ በሌላው ቀዝቃዛ ውኃ አድርጉ። የሳጥኑን ሴንሰር ሙቁ ውስጥ፣ የበርሜሉን ቀዝቃዛው ውስጥ ክተቱ፤ ፓምፑ መነሣት አለበት። አቀያይሩ፤ መቆም አለበት። ሴንሰሮቹ ተቀያይረው የተገጠሙበት አንድ ቤት አውቃለሁ፤ ፓምፑ ቀን ተኝቶ ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ ከርሟል። ሁለት ባልዲ ብቻ ያድን ነበር።

ሱቅ ስትሄዱ ደግሞ ተጠንቀቁ። «የሙቀት መቆጣጠሪያ» ብላችሁ ስትጠይቁ ብዙ ጊዜ የሚሰጣችሁ ለጫጩት ማስፈልፈያ የሚውለው፣ አንድ ሴንሰር ብቻ ያለው ትንሽ ዕቃ ነው። ዋጋው ቀላል ነው፤ ነገር ግን አንዱን ሙቀት እንጂ ልዩነቱን አያውቅም። እሱን ከነበራችሁ ከቀጥተኛው ፓኔል ጋር አጋዥ አድርጋችሁ፣ ሳጥኑ ላይ አስራችሁ፣ ከ45 ዲግሪ በታች ፓምፑን እንዲያቆም ልትጠቀሙበት ትችላላችሁ። በብዙዎቹ ላይ «ኤች» እና «ሲ» የሚሉ ሁለት አሠራሮች አሉ። ለእንቁላል የምንጠቀመው «ኤች»ን ነው፤ ሙቀት ሲያንስ ያበራል። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ሙቀት ሲበዛ የሚያበራው «ሲ» ነው። ይህን አንድ ፊደል ባለመቀየር ብቻ «ዕቃው ተበላሽቷል» ብለው የመለሱ ሰዎች አሉ።

ኮንትሮለሩ የተረጋጋ ኃይል ስለሚፈልግ ባትሪ ይኑረው። 15 ዋት ፓምፕ በቀን 6 ሰዓት ቢሠራ 90 ዋት ሰዓት ይጠቀማል። 50 ዋት ፓኔል፣ 12 ቮልት 12 አምፔር ሰዓት ባትሪና የባትሪ መሙያ መቆጣጠሪያ ይበቃዋል። ከባትሪው አዎንታዊ ጫፍ አጠገብ ፊውዝ አስገቡ። በ220 ቮልት የሚሠራ ፓምፕ ለከብት በረት አልመክርም፤ ወለሉ ርጥብ ነው፣ ላሞችም ከሰው ይበልጥ በኤሌክትሪክ ይጎዳሉ። በዚያ ላይ መብራት በእኩለ ቀን ሲጠፋ ፓምፑ ቆሞ ሳጥኑ ይግላል። የአምቦ ከፍታ 2,100 ሜትር ያህል ስለሆነ ውኃ 93 ዲግሪ ላይ ይፈላል፤ በሳጥኑ ቧንቧ ውስጥ የተኛ ውኃም በቀትር ወደ እንፋሎት ሊቀየር ይችላል።

ውርጭና የፓምፑ ዓይነት

ጀልዱና ደንዲ ያላችሁ፣ ወደ ሆለታ በኩልም ያላችሁ፣ ይህን ክፍል ሁለት ጊዜ አንብቡ። ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ጥርት ያሉ ሌሊቶች ሳጥኑ ፊቱን ወደ ሰማይ ስላደረገ ከአየሩም በታች ይቀዘቅዛል። አየሩ 1 ወይም 2 ዲግሪ ሳለ እንኳ በቧንቧው ውስጥ ያለው ውኃ በረዶ ሊሠራ ይችላል። በረዶ ሲሠራ ይሰፋል፣ ቧንቧውን ይሰነጥቃል፤ ስንጥቁ የሚታወቀው ጠዋት ፀሐይ ሲያቀልጠው ነው።

መፍትሔው ፓምፑ በቆመ ቁጥር ውኃው ሁሉ ወደ በርሜሉ ተመልሶ ሳጥኑ ባዶ እንዲያድር ማድረግ ነው። ለዚህም ቧንቧዎቹ ሁሉ ያለ ጉብታና ያለ ጉድጓድ ወደ በርሜሉ ያዘንብሉ። ከሳጥኑ የሚመለሰው ቧንቧ በርሜሉ ውስጥ ከውኃው በላይ ያብቃ፤ አየር በዚያ ገብቶ ውኃውን ያወርደዋል። በርሜሉ ክዳን ይኑረው እንጂ አይታሸግ፤ ለሚመለሰው ውኃም ከላይ ባዶ ቦታ ተዉ። ፓምፑ ከበርሜሉ የውኃ ደረጃ በታች ይቀመጥ፤ ሁልጊዜ ውኃ ውስጡ መኖር አለበት።

ይህን አሠራር ከመረጣችሁ ቼክ ቫልቭ አታስገቡ። ቼክ ቫልቭ ውኃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ ይከለክላል፤ እኛ ደግሞ እንዲመለስ እንፈልጋለን። ቼክ ቫልቭ የሚያስፈልገው ሳጥኑ ሁልጊዜ በውኃ ተሞልቶ ለሚቆይበት አሠራርና በርሜሉ ከሳጥኑ ጋር ተቀራራቢ ከፍታ ላይ ላለ ሰው ነው፤ ሙቅ ውኃ ሌሊት ወደ ሳጥኑ እንዳይሄድበት ያግደዋል። ባኮ አካባቢ ዝቅ ያለና ሞቃት ስለሆነ እዚያ ይህ ሁለተኛው ሊያገለግል ይችላል። ሁለቱን ማደባለቅ ግን ከሁለቱም መጉደል ነው።

ከባትሪ መርጫ የወጣ ፓምፕ አለን የምትሉ ብዙ ናችሁ። ለዚህ ሥራ አይሆንም። በውስጡ የራሱ ቫልቮች ስላሉት ውኃውን አይመልስም፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ የፀረ ተባይ መድኃኒት ሲያልፍበት የከረመ ነው። የኬሚካል በርሜልም፣ የኬሚካል ጀሪካንም እንዲሁ፤ ወተት ዕቃ በሚታጠብበት ውኃ አጠገብ አይድረሱ። የሚያስፈልጋችሁ በሚሽከረከር ጎማ የሚገፋ፣ ቫልቭ የሌለው ፓምፕ ነው። ሲገዙ ሁለት ነገር አንብቡ፤ የሚችለው የውኃ ሙቀትና የሚያነሣው ከፍታ። አንዳንዶቹ የሚችሉት 60 ዲግሪ ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ የሚችለውን ምረጡ። ከፍታውን በተመለከተ፣ ሣጥኑ ላይ የተጻፈው ውኃ መውጣት የሚያቆምበት ነው። ከበርሜሉ የውኃ ደረጃ እስከ ሳጥኑ ራስ 2 ሜትር ተኩል ካላችሁ 5 ሜትር የተጻፈበትን ውሰዱ። የፍሰቱ መጠን ለአንድ ሜትር ካሬ ሳጥን በደቂቃ 1 ሊትር ያህል ከሆነ ይበቃል።

ቧንቧና እንክብካቤ

ለሙቅ ውኃ ፒፒአር ወይም የብረት ቧንቧ ተጠቀሙ፤ ተራው የፒቪሲ ቧንቧ በሙቀት ይለሰልሳል። ከሳጥኑ ጀርባ ነጭ ፎም አታድርጉ፤ ይቀልጣል። የበግ ጠጉር ወይም ፋይበር ግላስ ይሻላል፤ በርሜሉን ግን በጭድ ወይም በሰጋቱራ ወፍራም አድርጎ መሸፈን ይቻላል። በመስታወቱ ላይ ለበረዶ መከላከያ የሽቦ ወንፊት ዘርጉ።

የአምቦ ምድር ውኃ በማዕድን የታወቀ ነው፤ ለጠርሙስ የሆነው በረከት ለቧንቧ ዕዳ ነው። የጉድጓድ ውኃ የምትጠቀሙ ከሆነ ነጭ ቅርፊት በቧንቧውና በፓምፑ ውስጥ ይጋገራል። በተቻለ መጠን የጣሪያ ዝናብ ውኃ ተጠቀሙ። ፓምፑ ድምፁ ከተለወጠ ወይም የሚመለሰው ውኃ ከቀጠነ፣ ኮምጣጤ የተቀላቀለበት ውኃ ለአንድ ሰዓት አዙራችሁ በንጹሕ ውኃ እጠቡት። የኮምጣጤው ውኃ በወተት ዕቃ አይፈስስ።

ለጥገና ጣሪያ ላይ ስትወጡ ሳጥኑን በማዳበሪያ ከረጢት ሸፍኑ፤ ባዶ ሳጥን በቀትር ከፈላ ውኃ ይበልጥ ይግላል። ፓምፑንም ሳጥኑ በጋለበት በቀትር አታስጀምሩ፤ የመጀመሪያው ውኃ እንፋሎት ሆኖ በመመለሻው ቧንቧ ይወጣል። ሕፃናት ከበርሜሉ ቧንቧ ይራቁ። 60 ዲግሪ የደረሰ ውኃ የልጅ ቆዳ ለማቃጠል ጥቂት ሰኮንድ ይበቃዋል። ውኃው ለማጠቢያ እንጂ ለመጠጥ አይደለም።

ከሰኔ እስከ መስከረም አጋማሽ ብዙ አትጠብቁ። በክረምት ሳጥኑ ውኃውን 30 ዲግሪ ካደረሰ ጥሩ ነው፤ የቀረውን በማገዶ ትጨርሳላችሁ፤ እንጨቱ ግን ይቀንሳል። ባለ ሁለት ሴንሰሩ ኮንትሮለር ዋጋውን የሚመልሰው በዚህ ወቅት ነው፤ ደመናው ለግማሽ ሰዓት ሲገለጥ ያችን ግማሽ ሰዓት ይይዛታል።

በአርሶ አደር ማሠልጠኛ ማዕከሉ ለሚደረገው የተግባር ልምምድ ስትመጡ ሦስት ልኬቶች ይዛችሁ ኑ፦ ከበርሜላችሁ የውኃ ደረጃ እስከ ሳጥኑ ራስ ስንት ሜትር እንደሆነ፣ በቀን ስንት ሊትር ሙቅ ውኃ እንደሚያስፈልጋችሁ፣ ግቢያችሁ ከላይ እስከ ታች ምን ያህል እንደሚያዘነብል። የመጨረሻውን የምጠይቀው ፓምፕ የማያስፈልገውን ሰው ከመካከላችሁ ለይቼ ገንዘቡን እንዲያተርፍ ነው።